ጎማ ውስጥ ውሃ መሙላት፦ ትራክተር መሬት አልነክስ ሲል

እነዋሪና ደነባ አካባቢ መረሬ የሚባለውን ጥቁር አፈር የሚያርስ ኦፕሬተር ይህን ያውቀዋል። ማረሻው መሬት ሲነክስ የኋላ ጎማ ባለበት ይሽከረከራል። ናፍጣ ይነዳል፣ እርሻው ግን ፈቀቅ አይልም። ወዲያው የሚሰጠው ምክር «ጎማውን ውሃ ሙላው» ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የክብደት ማነስ አይደለም።

ጎማው ይሽከረከራል፣ ጥርሱ በጭቃ ተደፍኗል

ይህ የእርጥበት ጣጣ ነው። ጥርሱ በጭቃ የተሞላ ጎማ ልሙጥ ጎማ ነው። ክብደት ብትጨምሩበት ይበልጥ ይሰምጣል፣ ከሥር ያለውንም አፈር ይጠቀጥቀዋል። ከማረሻው ጥልቀት አንድ ጭብጥ አፈር አውጡና ጨብጡት። እንደ ሊጥ ከተድቦለቦለ ትራክተሩን አቁሙት። ፍርፍር ካለ ግቡ። ባለ መሬቱ ቢቸኩልም ጥቁር አፈር በግድ አይታረስም።

መሬቱ ደህና ነው፣ ጎማው ግን ይንሸራተታል

በመጀመሪያ አየሩን ለኩ። ብዙ ትራክተር አስፋልት ለመሄድ በተነፋው አየር እርሻ ይገባል። ጎማው ሲደድር መሬት የሚነካው ክፍል ያንሳል። የትራክተሩ ማኑዋል ለእርሻ እስከሚፈቅደው ድረስ ዝቅ አድርጉት። ጥርሱ ያለቀ ጎማን ደግሞ ውሃ አያድነውም።

አየሩ ከተስተካከለ በኋላም ካልተለወጠ መንሸራተቱን ለኩት። ጎማው ጎን ላይ በኖራ አስምሩ። ማረሻው መሬት ውስጥ እንዳለ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር መነሻውንና መድረሻውን በካስማ ለዩ። ከዚያ ማረሻውን አንስታችሁ ያንኑ ርቀት ንዱ። 9 ጊዜ ከዞረ መንሸራተቱ 10 በመቶ ነው፣ አትንኩት። 8 ጊዜ ከሆነ 20 በመቶ ነው፣ ክብደት ይፈልጋል። 10 ሊሞላ ትንሽ ከቀረው ክብደቱ በዝቷል፤ ጫናው ወደ ካምቢዮው ይሄዳል። ጨርሶ የማይንሸራተት ትራክተር ጥሩ ይመስላል፣ ግን አይደለም።

ክብደት ያስፈልገዋል ካላችሁ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፉና የሚሞላውን ጎማ በክሪክ አንሱ። ቫልቩ ልክ አናት ላይ እስኪመጣ አዙሩት። የቫልቩን መርፌ አውጡ፣ አየሩ ይውጣ። በርሜሉን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡና ውሃውን በቱቦ አውርዱ። ውሃው ሲገባ አየሩ መውጫ ስለሚያጣ በየመሃሉ ቱቦውን ንቀሉለት፤ ፊሽ ብሎ ይተነፍሳል። ውሃው በቫልቩ መመለስ ሲጀምር በቃ፣ ጎማው ሦስት አራተኛውን ሞልቷል። ከዚያ መርፌውን መልሱና አየር ንፉ። 16.9-30 የሚል ጎማ በዚህ አሞላል 300 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ሁለቱ ሲሞሉ 600 ኪሎ ያህል ጨመራችሁ ማለት ነው።

ከተሞላ በኋላ መንገድ ላይ ይዘላል

ወይ ሁለቱ ጎማዎች እኩል አልተሞሉም፣ ወይ አንዱ እስከ አፉ ሞልቷል። ውሃ አይታመቅም፤ አየር ካልቀረለት ጉድጓዱ ሁሉ በቀጥታ ቸርኬውን ይመታል። ቫልቩን አናት ላይ አድርጋችሁ ትርፉን አፍስሱ። ሁለቱም ልክ ከሆኑ ፍጥነት ቀንሱ። በተለይ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ እየገፋችሁ መሆኑን አትርሱ፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገቡ።

ማረሻው ሲነሳ የትራክተሩ ፊት ክብደት ያጣል፣ መሪው አልታዘዝ ይላል

የኋላ ጎማ ውሃ ለዚህ አይረዳም። ፊት ላይ የሚንጠለጠል ብረት ያስፈልጋል።

ውርጭ

ምንጃር ቆላው ላይ ንጹህ ውሃ ይበቃል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ደብረ ብርሃን ግን በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ አለ። ቀድሞ የሚረጋው ቫልቩ አካባቢ ያለው ውሃ ነው። እዚያ የሚያድር ትራክተር ውሃው እንዳይረጋ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ቢጨመርለት ይሻላል፤ ውሃውንም ያከብደዋል። ጨዉን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ጨዉ ላይ አታፍስሱ፣ በጣም ይሞቃል።

ቸርኬው ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል

ይህ ያፈተለከ ካልሲየም ነው፣ ቸርኬ ይበላል። ሳትውሉ ሳታድሩ በንጹህ ውሃ እጠቡትና ማፍሰሻውን ፈልጉ፤ ወይ ቫልቩ ነው፣ ወይ ካላማዳሪው ተበስቷል። ከተበሳ ጎሚስታው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ውሃ እንዳለው ንገሩት። ሳያውቅ የሚፈታ ሰው ላይ ያ ጎማ ቢወድቅ ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው የሚሰበረው። ቫልቩን ታች አድርጋችሁ በበርሜል ተቀበሉት፤ ጨዋማውን ውሃ ማሳ ላይ አትድፉት።