ያገለገለ የናፍጣ መኪና ልትገዙ ነው? ጠዋት ሂዱ

ከአዳማ ወይም ከቢሾፍቱ አዲስ አበባ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው የናፍጣ መኪና ጥሩ ነው። ግን ሻጩ "ሞቅ አድርጌ ልጠብቃችሁ" ካለ እንዳትስማሙ። ጠዋት ሂዱና መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ፊታችሁ ይነሳ። የደከመ ሞተር ሞቆ ሲነሳ ጤነኛ ይመስላል።

ጭሱን እዩ። ሲነሳ ትንሽ ነጭ አጭሶ ቢተው ችግር የለውም። ከሞቀም በኋላ ሰማያዊ የሚያጨስ ከሆነ ግን ዘይት እየበላ ነው፣ ተዉት። ጥቁር ጭስ የአየር ማጣሪያ መደፈን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝልም ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱት። ጭስ በኃይል ከተፋ ውስጡ አልቋል ማለት ነው፣ ደላላው የፈለገውን ቢያወራ።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይመለሳል፣ አትመኑት። የፔዳሉ ጎማና መሪው ተልጠው 90,000 ብቻ ካነበበ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ሃይሉክስ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ቱርቦ የሌለው 5ኤል ሞተር ዳገት ላይ ያሳፍራል፣ ግን የናፍጣ ፓምፑ ሜካኒካል ስለሆነ ጥገናው ቀላል ነው። ቱርቦ ያለው ዲ-4ዲ ሞተር ይፈጥናል፤ ኖዝሎቹ ግን ቆሻሻ ናፍጣ አይችሉም፣ ሲበላሹም ኪስ ያራቁታሉ፣ ስለዚህ የናፍጣ ማጣሪያውን በጊዜው መቀየር ላይ አትሰስቱ። የሞተሩ ቺንጋ (ታይሚንግ ቤልት) መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለም ወዲያው ቀይሩት።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።