ለጥምቀት ስንሄድ ግልገል ድመታችንን ያቆየንበት መንገድ

ጥር 11 ቀን የሚውለውን ጥምቀት ጎንደር ለማክበር ለ5 ቀን ከአዲስ አበባ ስንወጣ፣ ገና 10 ሳምንት የሆናትን ግልገል ድመታችንን ማን ይጠብቃታል የሚለው ጥያቄ አስጨንቆን ነበር። መጀመሪያ ያሰብነው የግቢው ዘበኛ በቀን አንድ ጊዜ ወተት እንዲያስቀምጥላት ነበር፤ ደግነቱ ከጉዞው በፊት ሞከርነውና በማግስቱ ተቅማጥ ያዛት። የእንስሳት ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ የብዙ ድመቶች አንጀት በላም ወተት ውስጥ ያለውን ላክቶስ የተባለ ስኳር በሚገባ አይፈጭም፤ በዚህ ዕድሜ ያለች ግልገልም በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ በትንሽ በትንሹ መብላት አለባት።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉትን ጎረቤታችንን ለመንናቸው። ከመሄዳችን 3 ቀን አስቀድመን የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳጥንና የምትተኛበትን አሮጌ ነጠላ ይዘን ወደ እርሳቸው ቤት ወሰድናትና፣ ቦታውን እስክትለምድ በአንዲት ክፍል ብቻ እንድትቆይ አደረግን። እርሳቸው «ድመት አይጥ ትይዛለች እንጂ ትቀለባለች እንዴ?» ብለው ቢስቁም፣ ጨው የሌለው የተቀቀለ ዶሮ ሰዓቱን ጠብቀው ሰጥተዋታል። አጥብቀን ያሳሰብናቸው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ስለሚጎዱ ከበዓሉ ዶሮ ወጥ እንዳትቀምስ ነበር። ስንመለስ ድናና ወፍራ አገኘናት፤ ለሁለት ቀን ግን በር በተከፈተ ቁጥር ወደ እርሳቸው ቤት ትሮጥ ነበር።