ለዘብተኛ ፖለቲከኛ «ከዳ» ከማለታችን በፊት፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2024 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አጎቴ ቤት ቡና ተፈልቷል። ከረከቦቱ አጠገብ በፖስታ የመጡ ሁለት የምርጫ ፍላየሮች ተቀምጠዋል። አንዱ ለሴኔት ስለሚወዳደረው የሪፐብሊካን ዕጩ ነው፤ «ላሪ ሆጋን ከፓርቲው ሜሪላንድን ያስቀድማል» ይላል። ሌላው «ለሆጋን የሚሰጥ ድምፅ ሴኔቱን ለሪፐብሊካኖች ይሰጣል» ይላል። አጎቴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱንም አነበቡና «ይሄ ሰውዬ ግን የማን ነው?» አሉኝ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ለዘብተኛ ፖለቲከኛ የሌላውን ፓርቲ ዕጩ ሲደግፍ «ከዳ» እንላለን። ዝም ሲል «መሃል ሰፋሪ» እንለዋለን። የራሱን ፓርቲ ሲደግፍ ደግሞ «ያው ናቸው» ብለን እናልፋለን። እኔም ለዓመታት እንዲህ ስፈርድ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ፍርዱ ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስት አምናለሁ። (ዓመታቱን የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፓርቲን በአገር ቤት ሚዛን መመዘን

ያደግነው ፓርቲ ማለት የአባልነት መታወቂያ፣ መዋጮ፣ ስብሰባና ግምገማ በሆነበት አገር ነው። ዕጩ የሚያቀርበው ፓርቲው ነው። ያፈነገጠ ይባረራል። ያንን ይዘን መጥተን አሜሪካንም በዚያው እንለካለን።

እዚህ ግን ዕጩውን የሚለየው በፕራይመሪ፣ ማለትም የፓርቲው ዕጩ በሚለይበት ቅድመ ምርጫ፣ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ነው። የዋዮሚንግ ሪፐብሊካን ፓርቲ ኮሚቴ በ2021 ትራምፕን የተቃወመችውን የስቴቱን የምክር ቤት ተወካይ ሊዝ ቼኒን ከእንግዲህ እንደ ሪፐብሊካን እንደማያያት ወሰነ። ውሳኔው ከወረቀት አላለፈም። በቀጣዩ ዓመት በዚያው በፓርቲው ፕራይመሪ ተወዳደረች። መቀመጫዋን ያሳጣት የፕራይመሪው መራጭ ነው።

ስለዚህ አንድ ፖለቲከኛ ማንን እንደሚደግፍና ማንን እንደሚፈራ ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ስቴት ፕራይመሪ ላይ መምረጥ የሚችለው ማነው?

ሕጉን ረስቶ ጠባዩን ብቻ ማየት

ይኼኛው ስህተት ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በጃንዋሪ 2021 አሥር የሪፐብሊካን የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ትራምፕ በምክር ቤቱ እንዲከሰስ ድምፅ ሰጡ። ከአሥሩ አራቱ ዳግም አልወዳደርም አሉ። አራቱ በፕራይመሪ ተሸነፉ። የተረፉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከካሊፎርኒያ፣ ሌላው ከዋሽንግተን ስቴት። በሁለቱም ስቴቶች ፕራይመሪው የፓርቲ አይደለም። ሁሉም ዕጩዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይቀርባሉ፤ ሁሉም ሰው ይመርጣል፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ ያልፋሉ። እነዚህ ሁለቱ ከስምንቱ የበለጠ ደፋሮች ነበሩ ማለት አይቻልም። የቆሙበት ሜዳ ከአብዛኞቹ የተለየ ነበር።

አላስካ ደግሞ የባሰ ግልጽ ነው። የስቴቱ ሪፐብሊካን ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ በ2010 የሪፐብሊካን ፕራይመሪውን ተሸነፈች። ስሟ ወረቀቱ ላይ ሳይኖር መራጩ በእጁ እየጻፈላት ኖቬምበር ላይ አሸነፈች። በ2020 የአላስካ ሕዝብ ሕጉን ቀየረ። ፕራይመሪው ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ አራት ዕጩዎች ያልፋሉ፤ በዋናው ምርጫ መራጩ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በደረጃ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ መርካውስኪ በ2021፣ በዚያው ክስ በሴኔቱ በተካሄደው የትራምፕ ችሎት ላይ ጥፋተኛ ነው ብላ ድምፅ ሰጠች። ትራምፕም ለ2022ቱ ምርጫ ተቃዋሚዋን ደገፈ።

እሷ ምን አደረገች? በ2022 ኦክቶበር ላይ፣ ለምክር ቤት የምትወዳደረውን ዴሞክራቷን ሜሪ ፔልቶላን አንደኛ አድርጌ እመርጣለሁ ብላ በአደባባይ ተናገረች። ፔልቶላም በሴኔት ውድድር መርካውስኪን እንደምትመርጥ ተናገረች። ሁለቱም አሸነፉ። ዝግ ፕራይመሪ (በፓርቲው የተመዘገበ ብቻ የሚመርጥበት) ባለበት ስቴት ብትሆን ኖሮ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሥራዋን ልታሳጣት ትችል ነበር።

ማንን ደገፈ እንጂ መቼና በምን ዋጋ አለመጠየቅ

ሪፐብሊካኑ ኮሊን ፓወል በኦክቶበር 2008 ዴሞክራቱን ኦባማን ሲደግፍ ትልቅ ዜና ነበር። ጡረተኛ ጄኔራል ነው፤ የሚያጣው ወንበር አልነበረውም። ቃሉ ክብደት ያገኘው ከስሙ ነው።

በ2020 ግን ክብደቱ የመጣው ከጊዜው ነው። የሳውዝ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ባይደንን የደገፈው የስቴቱ የዴሞክራቶች ፕራይመሪ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ባይደን እዚያ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ከተቀናቃኞቹ ማግስቱን ቡቲጄጅ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ክሎቡቻር ከውድድሩ ወጡ። ሱፐር ቱስደይ፣ ብዙ ስቴቶች ባንድ ቀን ፕራይመሪ የሚያደርጉበት ማክሰኞ፣ ሊነጋ ሲል ሁለቱም ዳላስ ላይ ባይደንን ደገፉ። ያ ድጋፍ ከወር በኋላ ቢመጣ ኖሮ ለማስታወስ እንኳ የሚበቃ አይሆንም ነበር።

ሌላኛው ጫፍ የፔንሲልቬኒያው ሴናተር አርለን ስፔክተር ነው። ከ28 ዓመት የሪፐብሊካን ሴናተርነት በኋላ በ2009 ዴሞክራት ሆነ። የሪፐብሊካኖቹን ፕራይመሪ እንደማያሸንፍ አልደበቀም። ፓርቲ መቀየሬ እንደገና እንድመረጥ ያስችለኛል ብሎ ተናገረ። ተቀናቃኙ ጆ ሴስታክ ያንን ንግግር ወስዶ ማስታወቂያ ሠራበት። ኦባማ ደግፎት እንኳ በ2010 የዴሞክራቶቹን ፕራይመሪ ተሸነፈ። ከሁለት ያጣ ሆነ። ሕዝብ ፓርቲ የቀየረን ሰው ይቀበላል፤ ለምን እንደቀየረ ግን ያያል።

ዝምታን እንደ ፍርሃት ብቻ መቁጠር

የሜይኗ ሪፐብሊካን ሴናተር ሱዛን ኮሊንስ በ2020 ለፕሬዚዳንት ማንን እንደምትመርጥ አልናገርም አለች። ባይደን ሜይንን በ53 በመቶ ገደማ ሲያሸንፍ እሷም በዚያው ቀን በ51 በመቶ አሸነፈች። የባይደንንም የትራምፕንም መራጭ ትፈልግ ነበር። አልወደደው የሚል ይኖራል፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልወደድኩላትም። ነገር ግን ዝምታው ስሌት ነበረው።

የሆጋን ነገር ይለያል። እሱ ዝም አላለም። በ2024 ትራምፕንም ሃሪስንም አልመርጥም ብሏል። ትራምፕ በኒውዮርክ ፍርድ ቤት ውሳኔ ሊነገርበት ሲል፣ ፍርዱን እናክብር ብሎ ጻፈ። የትራምፕ የምርጫ ቡድን ሰዎች በቁጣ ተነሱበት። በሁለት ሳምንቱ ትራምፕ ራሱ ሆጋን ቢያሸንፍ ደስ ይለኛል አለ። ያልተጠየቀ ድጋፍ ለዘብተኛውን ሰው ይጎዳዋል፤ ዴሞክራቶች በሚበዙባት ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በጣም። ሆጋን ወደ 43 በመቶ አገኘ፤ ትራምፕ እዚያው 34 በመቶ። ዘጠኝ ነጥብ ያህል ከፓርቲው መሪ በላይ ሄዶ እንኳ በዴሞክራቷ በአንጄላ አልሶብሩክስ ተሸነፈ። ሁለተኛው ፍላየር ያሸነፈው ያኔ ነው። ሴኔት ውስጥ አብላጫ ያለው ፓርቲ ኮሚቴዎቹን ይመራል፤ የትኛው ሕግ ለድምፅ እንደሚቀርብም ይወስናል። የሰውዬው ጨዋነት ያንን አይቀይረውም።

ድጋፍን ከአቋም ጋር መቀላቀል

በአጭሩ፦ ቼኒ በ2024 ሃሪስን ስለደገፈች ለዘብተኛ አልሆነችም። ምክር ቤት ሳለች ከ10 ድምጿ ዘጠኙ ከትራምፕ አቋም ጋር ይሄድ ነበር። ድጋፏ ስለ አንድ ሰው ነው። ስለ ግብርና ስለ ጤና መድን ያላትን አቋም ማወቅ የፈለገ የድምፅ መዝገቧን ይይ።

እኛ ራሳችን ድጋፍ ስንሰጥ

በ2021 በቨርጂኒያ የአገረ ገዥ ምርጫ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ሪፐብሊካኑን ግለን ያንግኪንን ደግፈው ሲቀሰቅሱ ነበር። የባይደን አስተዳደር በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም ተቆጥተው ነው። በጦርነቱ ላይ ያለን አቋም የተለያየ ስለሆነ እሱ ውስጥ አልገባም። ያንግኪን የትራምፕን ድጋፍ ተቀብሎ፣ ግን አብሮት መድረክ ሳይወጣ አሸነፈ። ከዚያ «ያስመረጥነው እኛ ነን» የሚል ወሬ በየካፌው ነገሠ።

ልዩነቱ ከ60 ሺህ ድምፅ በላይ ነበር። የእኛ ድምፅ አልጠቀመም አልልም፤ ይህን ያህል ነው ለማለት ግን ማስረጃ የለንም። ደግሞ አገረ ገዥ ማዕቀብ አያነሳም፤ ኢትዮጵያን አጎዋ (ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል) ውስጥም አይመልስም። እሱ የሚነካው የልጆቻችንን ትምህርት ቤት፣ መንገዱን፣ የሥራ ፈቃዱን ነው። ድጋፍ ስንሰጥ ሰውዬው በሥልጣኑ ሊያደርግ የሚችለውን ነገር ለይተን ብንጠይቀው ኖሮ የተሻለ ነበር።

አጎቴ ለዓመታት የተመዘገቡት ያለ ፓርቲ ነው። «ፓርቲ ውስጥ መግባት በቃኝ» ይላሉ። የቀይ ሽብርን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው፤ እረዳቸዋለሁ። ሜሪላንድ ግን ፕራይመሪዋ ዝግ ነው። በሜይ 2024 ድምፅ ለመስጠት ሲሄዱ የተሰጣቸው ወረቀት ላይ የነበሩት የትምህርት ቦርድ ዕጩዎች ብቻ ናቸው። አልሶብሩክስ፣ ከኪሱ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካፈሰሰው ከዴቪድ ትሮን ጋር የተፋለመችበት የዴሞክራቶች ፕራይመሪ አመለጣቸው።

ባለፈው ሰሞን የመራጭነት ምዝገባ ቅጹን አብረን ሞላን። ፓርቲ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ያዝ አደረጉት።

«እዚህ ምልክት ካደረግኩ ኖቬምበር ላይ ሌላውን መምረጥ አልችልም ማለት ነው?»

«ይችላሉ ጋሼ፤ ማንም አይጠይቅዎትም።»

«መዋጮስ?»

«የለውም።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አንዷ ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርገው ፈረሙ።