ለልጆች ሙዚቃ ስናስተምር፦ ኖታው ይቆይ

ብዙ የሙዚቃ ትምህርት የሚበላሸው በመጀመሪያው ቀን ነው። አስተማሪው ይገባል፣ ሰሌዳው ላይ ኖታ (የሙዚቃ ጽሕፈት) የሚጻፍባቸውን አምስት መስመሮች ያሰምራል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ደወል ሲደወል አንድም ዜማ አልተሰማም። ልጅ አፉን የሚፈታው ፊደል ቆጥሮ አይደለም፤ ሙዚቃም እንደዛው።

1. በእግር ጀምሩ። ልጆቹን ክብ ሠርተው አቁሟቸው። ባሉበት ቆመው ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ይርገጡ። ፍጥነቱ የተለመደ እርምጃ ያህል ይሁን። ልጆች ሞቅ ሲላቸው መፍጠናቸው አይቀርም። አትቆጧቸው፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አብራችሁ እርገጡ፣ ይረጋጋሉ።

እግራቸው ሳይቆም አሁን ስማቸውን ያጨብጭቡ። «ሳ-ራ» ሁለት ጭብጨባ፣ «ሶ-ፊ-ያ» ሦስት። እግር የሚረግጠው እኩል የሚሄደው ምት ነው፣ እጅ የሚያጨበጭበው ደግሞ እንደ ቃሉ የሚለዋወጠው ሪትም። ይህን በቃል ብታስረዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ያም ሆኖ አይገባቸውም። መጀመሪያ ላይ የብዙዎቹ እግር እጃቸውን ተከትሎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት፦ ግማሹ ይርገጥ፣ ግማሹ ያጨብጭብ፣ ከዚያ ይቀያየሩ።

2. አጨብጭባችሁ አስቀብሉ። አራት ምት ያህል አጨብጭቡ፣ እነሱ ይቀበሉ። ምንም አትናገሩ። ይቺ ጨዋታ ሌላም ጥቅም አላት፤ ክፍሉ ሲንጫጫ «ዝም በሉ!» ከማለት ታሳርፋለች።

3. በሁለት ድምፅ አዘምሩ። ከዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ውስጥ ሶል እና ሚ ይበቃሉ። ልጅ ጓደኛውን ከሩቅ ሲጣራ ብዙ ጊዜ ወደዚህ የሚቀርብ ዜማ ያወጣል። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ (1882–1967) ያነሳሳው የማስተማሪያ ዘዴም ከእነዚህ ሁለት ድምፆች ይነሳል። ለሶል እጃችሁን ከፍ፣ ለሚ ዝቅ አድርጉ፤ ልጆቹ ድምፁን በዓይናቸው ያዩታል።

እዚህ ላይ አስተማሪዎች የምንሳሳተው ለራሳችን በሚመቸን ወፍራም ድምፅ መጀመራችን ነው። ለትንንሽ ልጆች የሚመቸው በፒያኖ ከመካከለኛው ዶ ቀጥሎ ካለው ሬ እስከ ላ ድረስ ያለው ነው። ከዚያ ከወረዳችሁ ያጉረመርማሉ እንጂ አይዘምሩም። ወንድ አስተማሪ ከሆናችሁ ድምፁን በደንብ የሚይዝ አንድ ልጅ ያስጀምርላችሁ።

ዜማው የሚጠፋበትን ልጅ «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አትበሉት። እንዲህ የተባለ ልጅ አድጎም «እኔ ድምፅ የለኝም» ሲል ታገኙታላችሁ። ይልቅ የአምቡላንስ ድምፅ እንዲያሰማ ጠይቁት፤ ከወፍራም ወደ ቀጭን፣ ተመልሶ ወደ ወፍራም። ወይም እሱ ያወጣውን ድምፅ እናንተ ያዙና አብራችሁት ቀስ እያላችሁ ውጡ።

4. መሣሪያ ስጡ። ከማደላችሁ በፊት ግን «አቁም» የሚለውን ምልክት አስለምዱ፤ ያለበለዚያ የዕለቱ ትምህርት በዚያው አለቀ። ዛይሎፎን (በዱላ የሚመታ፣ እንጨቶች የተደረደሩበት መሣሪያ) ካለ ፋ እና ሲ የሚባሉትን እንጨቶች አንሱ። በቀሩት አምስት ድምፆች ልጁ የፈለገውን ቢመታ እምብዛም አይጋጭም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርል ኦርፍ (1895–1982) የተጠቀመበት ብልሃት ነው።

መሣሪያ ከሌለ ብርጭቆና ውኃ አለ። ብርጭቆውን በእርሳስ ስትመቱት ውኃው በበዛ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፉ ግን ተቃራኒው ነው፤ ውኃው ሲበዛ ይቀጥናል። ለምን እንደሆነ ቶሎ አትንገሯቸው። ይከራከሩበት።

5. አሁን ጻፉ። ከላይ ወደ ታች የተሰመረ አንድ ሰረዝ «ታ» ነው፣ አንድ ምት። ሁለት የተያያዙ ሰረዞች «ቲ-ቲ»፣ በአንድ ምት ውስጥ ሁለት ድምፅ። ልጆቹ የሚያነቡት ሲያጨበጭቡት የከረሙትን ነው፣ ስለዚህ አይከብዳቸውም። አምስቱ መስመሮች ከዚህ በኋላ ይምጡ።

ውጤት መያዝ ካለባችሁ ልጁን ብቻውን ፊት አታቁሙት። ኳስ በክቡ ይዙር፤ የደረሰው ልጅ ስሙን በሶልና ሚ ይዝፈን። እናንተ ጨዋታው ሳይቋረጥ ወረቀታችሁ ላይ ምልክት አድርጉ።