ውጭ አገር ዕቃ ስትልኩ ቀረጡን ቀድማችሁ እንዴት ታሰላላችሁ?

ወደ ውጭ ከላክኋቸው የመጀመሪያ ዕቃዎች አንዱ ተመልሶ መጣ። ገዢዋ የዕቃውንም የማጓጓዣውንም ከፍላ ነበር። ደጇ ሲደርስ ግን ቀረጥ ክፈይ ተባለች። ቀድሜ አልነገርኳትም፤ አልቀበልም ብትል አልፈረድኩባትም። ገንዘቧን መለስኩ፤ የመሄጃውም የመመለሻውም ሂሳብ እኔ ላይ ወደቀ።

ዛሬ ነገሩ ይበልጥ ጠብቋል። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጣ ዕቃ ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መብት እ.ኤ.አ. ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገር አቁማለች። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2021 አጋማሽ ወዲህ ዋጋው ትንሽ በሆነ ዕቃ ላይ ሳይቀር ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላል። «ትንሽ ዕቃ ነው፣ ያልፋል» ማለት አያዋጣም።

መጀመሪያ የዕቃውን ኤችኤስ ኮድ፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃዎችን የሚመድብበትን ቁጥር፣ ፈልጉ። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በመላው ዓለም አንድ ናቸው፤ ቀሪውን እያንዳንዱ አገር ይጨምራል። «ሻርፕ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። በሽመና የተሠራ ሻርፕ 6214 ሥር ይገባል፤ እንደ ሹራብ የተሠራው ግን 6117 ሥር ነው። ከሽመናው ውስጥም ሐሩ 6214.10፣ ሱፉ 6214.20 ነው። በዓይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ቀረጣቸው ግን ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ከምን ተሠራ፣ እንዴት ተሠራ፣ ለምን ያገለግላል ብላችሁ ጠይቁ። ኮድ የሚገምቱ መሣሪያዎች ለመነሻ ይጠቅማሉ። እኔ ግን የተቀባዩን አገር የታሪፍ መጽሐፍ ሳላይ አልልክም።

ስሪት አገሩንም አጣሩ። ዕቃው የተሠራበት አገር እንጂ የተላከበት አይደለም። ከሌላ ቦታ ገዝቶ የራስን መለያ መለጠፍ ስሪቱን አይቀይረውም።

ከዚያ አስሉ። አሜሪካ ቀረጡን የምታሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ይጨምርበታል። ዕቃው 100፣ ማጓጓዣው 20፣ የቀረጡ ምጣኔ 10 በመቶ ቢሆን በአንዱ 10፣ በሌላው 12 ይመጣል። አጓጓዡ ለጉምሩክ ሥራው የሚጠይቀውንም አትርሱ።

አሁን ማን እንደሚከፍል ወስኑ። ዲዲፒ እና ዲኤፒ የሚባሉ ሁለት የርክክብ ውሎች አሉ፤ ዲዲፒ ከሆነ ቀረጡን ሻጩ ቀድሞ ይከፍላል፣ ዲኤፒ ከሆነ ገዢው ሲረከብ። አጓጓዡ ከፈቀደ ዲዲፒ ምረጡ፣ ቀረጡንም ዋጋው ውስጥ አስገቡት። ካልሆነ ገዢው ከመክፈሉ በፊት በሚያየው ቦታ በግልጽ ጻፉለት።

ኢንቮይሱ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ። «ስጦታ ብለህ ላክልኝ» የሚል ደንበኛ ይመጣል፤ እሺ እንዳትሉ። የሐሰት መግለጫ ያስቀጣል፤ ዕቃው ቢጠፋም ካሳው ከጻፋችሁት ዋጋ አይበልጥም።

ሲደርስ የተከፈለውን ቀረጥ መዝግቡ። ከግምታችሁ ከራቀ ለቀጣዩ ትዕዛዝ ዋጋችሁን አስተካክሉ።