ግንባርሽን ለማን አምነሽ ትሰጫለሽ?

ትምህርት ቤት «ግንባራም» ነበር የምባለው። ንፋስ ሲነሳ ከቀሚሴ በፊት እጄ የሚሮጠው ወደ ግንባሬ ነው። ፀጉሬን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ አስይዤ የተነሳሁት አንድም ፎቶ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ያነሳሁት ከሦስት ዓመት በፊት ለክሊኒክ ልልክ ስል ነው።

ዛሬ ከቅንድቦቼ መሀል እስከ ፀጉሬ መነሻ 6.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ድሮ 7.8 ነበር። አንድ ሴንቲ ተኩል ሲወራ ትንሽ ይመስላል፤ ፊት ላይ ግን ብዙ ነው። ግንባሬን ያሳጠርኩበት የፀጉር ንቅለ ተከላ የፈጀው አንድ ቀን ነው። ሐኪም መምረጡ 14 ወር ወሰደብኝ። አራት ቦታ ሞክሬ ሦስቱን ተውኩ። ከዚያ የተማርኩትን ነው የምነግርሽ።

ቁጥር የሚቸኩል ሰው

የመጀመሪያውን ክሊኒክ ያገኘሁት በስልክ ነው። ሦስት ፎቶ ላኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መልስ መጣ፦ «እህት፣ 3,000 ግራፍት ያስፈልግሻል። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍት ቦታ አለን።» ግራፍት የሚሉት ከነሥሩ ወጥቶ የሚተከለውን ትንሽ ቁራጭ ነው፤ በአንዱ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ፀጉር ይኖራል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ግን ማስመሪያ ይዤ መስታወት ፊት ቆምኩ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ዝቅ እንዲል የምፈልገው 1.5 ሴንቲ ሜትር። ከጥግ እስከ ጥግ 14። ሲባዛ 21 ካሬ ሴንቲ ሜትር። ግራና ቀኝ ገባ ያሉትን ጥጎች ስጨምር 27 ገደማ። ለፊት መስመር በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ግራፍት ይተከላል። በ45 ባባዛው እንኳ 1,215 ነው። ታዲያ 3,000 ከየት መጣ?

ጠየቅኩ። «ብዙ ሲሆን ያምራል» ተባልኩ። ለካ ሲመልስልኝ የነበረው ሐኪም ሳይሆን ሻጭ ነው።

ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። የሚተከለው ፀጉር የሚወሰደው ከጭንቅላትሽ ጀርባ ነው፤ ከዚያ የወጣ ሥር በቦታው ተመልሶ አይበቅልም። ነገ መሀል አናትሽ ላይ ቢሳሳብሽ የሚወሰደው ከዚያው ነው። ስለዚህ ራስሽን ሳይነካ፣ ሳይለካ ቁጥር የጠራልሽን ሰው አመስግነሽ ተለዪው።

መጀመሪያ ቅንድብሽን የሚያይ

ሁለተኛው ሐኪም አዛውንት ናቸው። ግንባሬን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ ቅንድቤን ማየት ጀመሩ። በማጉያ፣ ተጠግተው። «ቅንድብሽ ሳስቶ ያውቃል?» አሉኝ። ምን አገናኘው አልኩ በሆዴ።

ያገናኘዋል። ፍሮንታል ፋይብሮሲንግ አሎፔሺያ የሚባል በሽታ አለ። በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በብዛት የሚያጠቃው የወር አበባ ያቆሙ ሴቶችን ቢሆንም ወጣቶችንም ይይዛል። የፀጉሩን መነሻ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሥሩ የነበረበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ቅንድብንም ይዞ ይሄዳል። በሽታው እየሠራ እያለ ፀጉር ቢተከል አዲሱንም ሊበላው ይችላል። ሴትዮዋ ግን የምታውቀው «ግንባሬ ሰፋ» ብቻ ነው።

የልጅነት ፎቶ አምጪ አሉኝ። ስምንት ዓመቴ ላይ የተነሳሁትን ወሰድኩላቸው። ግንባሬ ያው ነው፣ ፊቴ ብቻ ነው ያደገው። «ጥሩ፣ አልሸሸም፤ ሲፈጠርም እዚህ ነው» አሉ። የደም ምርመራም አዘዙ፤ የብረት ክምችትና ታይሮይድ። ፀጉሬን ለዓመታት አጥብቄ እጎነጎን እንደሆነም ጠየቁኝ፤ በመሳብ የሳሳ ከሆነ መጀመሪያ መሳቡ መቆም አለበት። በቅርብ ወልጄ እንደሆነም ጠየቁ፤ ከወሊድ በኋላ የሚረግፈው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? ለፀጉር የተባለ ነው የሚመስለኝ።

ስለ ሌላኛው መንገድም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ግንባርን ለማሳጠር የግድ ፀጉር መትከል አያስፈልግም። ከግንባር ላይ ቆዳ ተቆርጦ የራስ ቆዳ ወደ ፊት ተስቦ የሚሰፋበት ቀዶ ሕክምናም አለ። ውጤቱ እዚያው ይታያል፤ ጠባሳው ግን በፀጉር መነሻው ላይ ይሄዳል። የራስ ቆዳሽም ልል መሆን አለበት። በሁለት መዳፋቸው ራሴን ወደ ፊት ወደ ኋላ ገፋ ገፋ አደረጉ። የኔ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ነው። ቀረ። አንዱን መንገድ ብቻ የሚሠራ ሐኪም ሌላውን ላያነሳልሽ ይችላልና አንቺ አንሺበት።

ታዲያ እኚህን ለምን ተውኳቸው? ፀጉሬ ከርዳዳ ነው። የሠሩላቸውን ባለ ከርዳዳ ፀጉር ሴቶች ብዛት ስጠይቃቸው «ጥቂት ናቸው፣ ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉኝ። እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ።

ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳ ውጭ ብቻ አይደለም የሚጠቀለለው። ከቆዳ በታችም ሥሩ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ኤፍ ዩ ኢ በሚባለው ዘዴ ደግሞ ግራፍቱ የሚወጣው 0.8 ወይም 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ በሆነ ክብ መቁረጫ ነው። እጅ ያልለመደው ሰው ቀጥ አድርጎ ሲያስገባው ሥሩን መሀል ላይ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሥር ደግሞ ብዙ ተስፋ የለውም። ስለዚህ ፀጉርሽ እንደኔ ከሆነ እንደ አንቺ ዓይነት ፀጉር ያላቸውን ሰዎች ውጤት ጠይቂ። ጥቂት ግራፍት አስቀድመው አውጥተው የሚፈትሹም አሉ። ቁስልሽ ሲድን እያበጠ የሚቀር ከሆነም፣ ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ክትባት ላይ እንዲህ ሆኖ ከሆነ፣ ሳትጠየቂ ተናገሪ።

መስመሩ ላይ ያለው ነገር

ሦስተኛው ክሊኒክ ያማረ ነበር። ሐኪሙ ጥቁር እርሳስ አንስቶ በአንድ እጅ ምት መስመር ሳበልኝ። ቀጥ ያለ። ጥጎቹ ስለት ያላቸው። መስታወት ሲሰጠኝ ያየሁት ባርኔጣ ያደረገ ወንድ ነው። «ቆንጆ አይደል?» አለኝ። ፊቴ ተናግሮ መሰለኝ፣ ወዲያው ስለ ክፍያ አወራ።

የዚያን ሰሞን ትንሽ አብጄ ነበር። እህቴ ተኝታ በስልክ መብራት የፀጉሯን መነሻ አጥንቻለሁ። (ነቅታ ጮኻለች።) ያየሁት ይህ ነው። መስመር የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ሉጫ የሚመስሉ፣ ቀጫጭን፣ አንድ አንድ ፀጉሮች አሉ፤ እዚህ ሁለት፣ እዚያ ባዶ። ከነሱ ግማሽ ሴንቲ ያህል ኋላ ሄዶ ነው ደንደን ያለው የሚጀምረው። መሀል ላይ በትንሹ ወደ ታች ሾል ያለች ቦታ አለች። ግራና ቀኝ ለስለስ ያለ ጉብታ አለ። በጥጎቹ በኩል ፀጉሩ ቆሞ አያድግም፤ ቆዳው ላይ ተኝቶ ወደ ጎን ይሄዳል። በስተግራ በኩል ደግሞ አቅጣጫው ዞሮ ሽክርክሪት ሠርቷል።

ጎበዝ ሐኪም ይህን ሁሉ ይኮርጃል። ከፊት ለፊት ባለ አንድ ፀጉር ግራፍት ብቻ ያስቀምጣል፤ ባለ ሁለትና ባለ ሦስቱ ከኋላ ነው። ከጭንቅላት ጀርባ መሀል የሚወጣ ፀጉር ወፍራም ስለሆነ ለፊተኛው ረድፍ ቀጭኑን ከጆሮ ጀርባና ከማጅራት ግርጌ ይፈልጋል። የሴት መስመር ክብ ነው፤ ጥጎቹ ይዘጋሉ እንጂ እንደ ወንድ አይገቡም። እኔም አራተኛዋን ሐኪም «የፊተኛውን ረድፍ ከየት ነው የሚያወጡት?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ መልሱን በአፋቸው ሳይሆን ጣታቸውን ከጆሮዬ ጀርባ አድርገው ሰጡኝ።

ለእርሳሱም ጊዜ ሰጡት። ቅንድቤን ወደ ላይ እንዳነሳ፣ እንድስቅ፣ እንድቆጣ አደረጉኝ። ሳሉ፣ አጠፉ፣ ሳሉ። ከመጀመሪያ ሐሳቤ አልፎ 5.8 እንዲሆን አምሮኝ ነበር። «ከ6 በታች አልወርድልሽም» አሉኝ፣ «ዝቅ ባለ ቁጥር ቦታው ይሰፋል፣ ግራፍቱ ይበዛል። ከልክ በላይ የወረደን መመለስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።» ሳይጠይቀኝ መስመር ከሳበልኝ ከሦስተኛው ይልቅ የከለከሉኝን አመንኩ።

ፎቶን ማንበብ

ሁሉም ፎቶ ያሳይሻል። ጥያቄው የትኛውን ነው። «በፊት» የሚለው ፀጉር ወደ ኋላ ተይዞ በደማቅ ብርሃን፣ «በኋላ» የሚለው ፀጉር ተለቆ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ከሆነ ምንም አላየሽም። ሁለቱም ወደ ኋላ የተያዘ ይሁን። ቢቻል እርጥብ ፀጉር ጠይቂ፤ እርጥብ ፀጉር አይዋሽም። በማበጠሪያ እየተከፈለ የሚታይበት ቪዲዮ ካለ የበለጠ ነው። ከተሠራ 12 ወር ያለፈው ይሁን። የተወሰደበት ቦታስ? ማጅራቷን አሳዩኝ በይ። እዚያ ላይ የተበላ የሚመስል ሰፊ ባዶ ካየሽ ተመለሺ።

ደግሞ የወንድ ውጤት እየደረደሩ እንዳትሸወጂ። መቶ ወንድ የሠራ ሰው አንድም የሴት መስመር ላይሠራ ይችላል። እኔ የጠየቅኩት ግንባራቸውን ያሳጠሩ ሴቶችን ብቻ ነው።

መሣሪያውን የሚይዘው ማነው?

ሦስተኛውን ክሊኒክ ያስተወኝ እርሳሱ ብቻ አልነበረም። «ቆዳውን የሚበሳው እርስዎ ነዎት?» አልኩት። «ቡድናችን ነው» አለኝ። እንደገና ጠየቅኩ። እንደገና «ቡድናችን»። በቀን ስንት ሰው እንደሚሠሩ ስጠይቅ ርእስ ቀየረ።

ቴክኒሻን መኖሩ ነውር አይደለም። ከሺህ በላይ ግራፍት በማጉያ እየጸዳ፣ እየተቆጠረ፣ እንዳይደርቅ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ እየተቀመጠ አንድ ሰው ብቻውን አይወጣውም። ግን ሦስት ነገር የሐኪሙ እጅ መሆን አለበት፦ መስመሩን መንደፍ፣ ግራፍቱን ከቆዳ መቁረጥ፣ እና የሚተከልበትን ቀዳዳ መክፈት። ፀጉሩ በየት አቅጣጫና በስንት ጋደል እንደሚያድግ የሚወሰነው ቀዳዳው ሲከፈት ነው። እዚያ ላይ የተሳሳተ ፀጉር ዕድሜ ልኩን እንደ ብሩሽ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፀጉር ንቅለ ተከላ ሐኪሞች ማኅበር፣ አይ ኤስ ኤች አር ኤስ፣ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ስለሚሠሩት ቀዶ ሕክምና በግልጽ ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። አባልነት መኖሩ ደግ ነው፤ የእጅ ብቃት ማረጋገጫ ግን አይደለም። የሕክምና ፈቃዱን ከሚሰጠው አካል ራስሽ አጣሪ።

ፀጉርሽን ይላጩት እንደሆነም ጠይቂ። ለሴት ብዙ ጊዜ ሙሉ መላጨት አያስፈልግም። ከኋላ በኩል ከላይ ባለው ፀጉር የሚሸፈን አንድ ክፍል ብቻ ተላጭቶ ከዚያ ይወሰዳል። ኤፍ ዩ ቲ በሚባለው ዘዴ ደግሞ ቀጭን የቆዳ ሰቅ ተቆርጦ ይወጣል፤ መላጨት ያንሳል፣ የመስመር ጠባሳ ግን ይተዋል። ማጅራቷን የምታሳይ ሴት ታስብበት።

ከሥራው በኋላ ማን ስልክ እንደሚያነሳም አትርሺ። በሦስተኛው ቀን ግንባሬ አብጦ እብጠቱ ወደ ዓይኔ ወረደ። የተለመደ ነው፣ ግን ሌሊት ላይ እንደዚያ አይሰማም። ሐኪሟ ራሳቸው አነሱልኝ። ከዚያ ቅርፊቱ በሳምንት፣ በአሥር ቀን ይወድቃል። የተተከለውም ፀጉር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፋል፤ ሥሩ ግን አለ። ከሦስት አራት ወር በኋላ ብቅ ይላል፣ ሙሉ መልኩን የምታይው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ነው። ሐኪምሽ ይህን ቀድሞ ካልነገረሽ ሁለተኛው ወር ላይ ታለቅሻለሽ።

በቀጠሮዬ ቀን ጠዋት መስመሩ እንደገና ተሳለ። ማደንዘዣው ከመወጋቱ በፊት መስታወት ስጡኝ አልኩ። ቆሜ አየሁት፣ ተቀምጬ አየሁት። በግራ በኩል ያለው ጉብታ ትንሽ የወረደ መሰለኝ። አፈርኩ፤ ሁሉም ጓንት አድርገው ቆመዋል። ተናገርኩ። ሐኪሟ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩኝ። ጥጥ በአልኮል ነክረው ጠረጉትና ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገው ሳሉት። «አሁንስ?» አሉኝ። «አሁን እሺ» አልኩ። ከዚያ ነው መርፌው የመጣው።