የሐኪምና የታካሚን ንግግር በኮምፒውተር አሳጥሮ ለመያዝ

ሐኪም እየጻፈ ሲያዳምጥ ዓይኑ ከታካሚው ላይ ይነሳል። ማስታወሻውን ኮምፒውተር ቢይዝለት ፊት ለፊት ማውራት ይችላል። ግን አንዲት «የለም» ከጠፋች የሌለ በሽታ ተመዘገበ ማለት ነው። ስለዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። ድምፁ እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚሰማው፣ መቼ እንደሚጠፋ ለታካሚው ንገሩት። እምቢ ካለ አትቅዱ።

ቀጥሎ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ለውጡ። ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ክፍት ያደረገው ዊስፐር አንዱ አማራጭ ነው። ዝምታ ሲረዝም ግን ያልተባለ ነገር ሊጽፍ ይችላል፤ ከድምፁ ጋር አመሳክሩት። ማን ምን እንዳለም አይለይም፣ ለዚያ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከዚያ ንግግሩን ተራ በተራ ቁጥር ስጡት።

ለማስታወሻው ቅርጽ ሐኪሞች የሚያውቁትን ሶፕ ተጠቀሙ። መሠረቱን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጣለው ሐኪሙ ሎውረንስ ዊድ ነው። አራት ክፍል አለው፤ ታካሚው የተናገረው፣ በምርመራ የተገኘው፣ የሐኪሙ ግምገማ እና ቀጣዩ እቅድ።

ጽሑፉን አሳጥሮ ማስታወሻ የሚያደርገው የቋንቋ ሞዴል ነው፤ ጽሑፍ አንብቦ የሚጽፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ማለት ነው። ዋናው ሥራ ለእሱ የምትሰጡት ትእዛዝ ነው። «የተባለውን ብቻ ጻፍ፤ ያልተነሳውን ‹አልተጠቀሰም› በል» በሉት። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን የመጣበትን የንግግር ቁጥር ያስቀምጥ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ነው፤ ቁጥር የሌለው ዓረፍተ ነገር ወዲያው ያስጠረጥራል። ረጅም ንግግር ስትከፋፍሉ ጥያቄና መልስን አትለያዩ። «ደረትህን ያምሃል?» የሚለው ከተቆረጠ «አይ» ብቻውን ምንም አይናገርም። «እናቴ ስኳር አለባት» ያለ ሰውም ራሱ የስኳር ታካሚ ሆኖ እንዳይጻፍ ተጠንቀቁ። ሰው ሐሳቡን ያርማል፤ «በቀን ሁለቴ እወስዳለሁ» ብሎ ቆይቶ «ኧረ ማታ ብቻ ነው» ካለ፣ የሚያዘው የኋለኛው ነው።

እውነተኛ ታካሚ ላይ ከመሞከራችሁ በፊት እንደ ኤሲአይ ቤንች ባሉ ስብስቦች ፈትሹ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን 207 የተተወኑ ንግግሮችን ከነማስታወሻቸው ይዟል። ማስታወሻን ለመመዘን የሚያገለግለው ሩዥ የሚባል መለኪያ የቃላትን መመሳሰል ነው የሚቆጥረው። «ትኩሳት አለው» እና «ትኩሳት የለውም» ለእሱ ግማሽ በግማሽ አንድ ናቸው። ይልቅ ሐኪም ቁጭ ብሎ ሳይባል የተፈጠረውን፣ የተዘለለውንና ትርጉሙ የተገለበጠውን ይቁጠር።

በመጨረሻ ያከመው ሐኪም አንብቦ፣ አርሞ፣ ፈርሞ ወደ ካርዱ ያስገባው። የመድኃኒት ስምና መጠን ሲሆን ድምፁን መልሶ ይስማ። በእንግሊዝኛ ከተነገረ ፊፍቲን (15) እና ፊፍቲ (50) በቀላሉ ይምታታሉ። ከዚያ የድምፅ ቅጂው ለታካሚው በተነገረው ቀን ይጥፋ።